የወላጅ አንደበት ሳይዘጋ የሚሰናዳ ነገር

በጎጃም ገጠር እናት ወይም አባት የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑ ስለ ኑዛዜ ማንሣት እንደ ሟርት ስለሚቆጠር፣ ልጆች ዝም ብለው ይቆዩና የወላጅ አንደበት ከተዘጋ በኋላ «ምን ብለው ነበር?» እያሉ ይጠያየቃሉ። ወላጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁኔታውን ከልጆቹ ቀድሞ ዐውቆታል። ነገሩን ለመክፈት የሚቀለው መንገድ የነፍስ አባታቸውን መጥራት ነው፤ ንስሐ ገብተው፣ ቆርበውና ቀንዲል ተቀብተው ልባቸው ሲረጋ፣ «አባዬ፣ አደራ የሚሉን ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይሆንም። ጥያቄው ከበኩር ልጅ ወይም ከወላጁ ወንድም ቢመጣ ይመረጣል።

ዋናው ጥንቃቄ ኑዛዜው በሕግ ፊት እንዲጸና ማድረግ ነው። አባቴ ቢቸና አጠገብ ባለው ቤታችን ሲናዘዙ የአክስቴ ልጅ ቃላቸውን አንድ በአንድ ጻፈ፤ ሦስት ጎረቤቶችም ፈረሙበት። አራተኛው ሰው ደጅ ቆሞ ነበር፤ ማንም «ግባና ፈርም» አላለውም። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ውድቅ ሆነ፤ ሁለቱ ወንድሞቼም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚያዝዘው፣ ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው በምስክርነት ባይገባ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

በእኛ አገር የተለመደው «በሬው ለእገሌ፣ ላሚቱ ለእገሊት» እያሉ በቃል መናዘዝ፣ ልጆች ተስማምተው ካከበሩት መልካም ነው፤ ሙግት ከተነሣ ግን አቅሙ ትንሽ ነው። ሕጉ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ሞት መቃረቡ ተሰምቶት በ2 ምስክሮች ፊት ለሚናዘዝ ሰው ሲሆን፣ ይኸውም ለቀብር ሥርዐት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት ብቻ ነው። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል።

የእርሻ መሬት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ከሆነ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሊናዘዝ አይችልምና፣ ኑዛዜው ከመጻፉ በፊት የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ደብተሩን ከሣጥን ሥር አውጥቶ፣ ያበደሩትንና የተበደሩትን፣ በእኩል የሚታረሰውን ማሳና ሰው ቤት ያለውን ከብት ከራሳቸው አፍ እየሰሙ በአንድ ወረቀት ማስፈር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለ ቀብርና ስለ ተዝካርም ጠይቋቸው። ባሕር ዳር ልጃቸው ቤት የተኙ እናት በትውልድ ደብራቸው መቀበር ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ይህ አስቀድሞ ከታወቀ ለመኪናው ገንዘብ ይዘጋጃል፣ እድሩም ይነገረዋል። የእድር መዋጮ ውዝፍ ካለ አሁኑኑ ይከፈል። ለ40 ቀን ተዝካር በሬ ለመጣል ተበድሮ ዕዳ ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ወላጁ ራሱ «ድግሱን ትታችሁ ለድኻ ስጡ» ካለ ግን ልጆቹ ከጎረቤት ሐሜት ይድናሉ። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ክፍል ማስመዝገብ የሚገባው አንድ ሰው ከወዲሁ ይመረጥ፤ የወራሽነት ማስረጃ ሲጠየቅ ይህ ምዝገባ ያስፈልጋል።

ከወረቀቱ ይልቅ በየቀኑ የሚያደክመው ማስታመሙ ነው። ቁስል እንዳይወጣባቸው ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ማገላበጥ፣ ዳሌን፣ ተረከዝንና የወገብን ሥር በዐይን መመርመር ያስፈልጋል። ምግብ መጥላታቸው የሰውነቱ መድከም ስለሆነ በግድ አታጉርሱ፤ መዋጥ ላቃተው ሰው የሚፈስ ውኃም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፣ ንጹሕ ጥጥ በውኃ ወይም በጸበል አርጥቦ ከንፈርና ምላስን ማራስ፣ ከዚያም ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ይሻላል። ሕመሙ ከጸና ሐኪሙን የማስታገሻ መድኃኒት ጠይቁ፤ በዚህ ሰዓት «ሞርፊን ሱስ ያስይዛል» ብሎ ወላጅን በሥቃይ ማቆየት ተገቢ አይደለም።

ዐይናቸው ቢከደን እንኳ እንደሚሰሙ ቆጥራችሁ በስማቸው ጥሯቸው፣ እጃቸውን ያዙ፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ካለም ከራስጌያቸው ይቀመጥ። ስለ መሬትና ስለ ከብት መነጋገር የፈለገ ወደ ደጅ ይውጣ።