ደብተራችሁ ላይ «ሺፕ» ብላችሁ አትጻፉ

ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስጠና የተማሪ ደብተር በገለጥኩ ቁጥር ከየቃሉ አጠገብ ንባቡ በፊደል ተጽፎ አገኛለሁ። መርከቡም (ship) «ሺፕ»፣ በጉም (sheep) «ሺፕ»። ኧረ በፈጠራችሁ! የአማርኛ አናባቢ 7 ነው፤ የእንግሊዞቹ፣ ድርቦቹ (ሁለት አናባቢ የተጣመሩባቸው ድምፆች) ሲጨመሩ፣ ወደ 20 ይጠጋል። ያን ሁሉ ድምፅ ሰባት ቤት ውስጥ አጭቃችሁ ስታበቁ «ፈረንጅ አልገባውም» ትሉኛላችሁ። የበጉ «ኢ» ከንፈር ተስቦ ረዘም ይላል። የመርከቡ ማጠሩ ብቻ አይደለም፤ ምላስ ላላ ይልና «ሺ» ልትሉ አስባችሁ ወደ «ሽ» ስትንሸራተቱ መሀል ላይ ታገኙታላችሁ። ስልካችሁ ላይ መዝገበ ቃላት አለ፤ ድምፁን ተጭናችሁ ስሙት፣ ፊደሉን ተዉት። አንዱ ጎበዝ ተማሪዬ ሰሞኑን በበግ ባሕር አሻግሮናል።

«እስኩል» ማለትም ይቅር። «እ»ዋን ማን ጠራት?

ኦሮምኛ ላይ ግን የምናገረው ከራሴ ቁስል ነው። የአማርኛ ጆሮ ርዝመት የለመደው ተነባቢ ላይ ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «ገና ነው»። አናባቢ ሲረዝም አይሰማንም። በኦሮምኛ «ላፋ» በአጭሩ መሬት ነው፤ ሁለቱም «ኣ» ሲሳቡ ለስላሳ ይሆናል። ቁቤው፣ የኦሮምኛው የላቲን ጽሕፈት፣ ረጅሙን አናባቢ ሁለቴ ስለሚጽፍ ዓይን ያየዋል፣ ምላስ ይዘለዋል። ሂርማታ ገበያ አቮካዶ እየጨበጥኩ «ለስላሳ ነው?» ያልኩ መስሎኝ «መሬት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጯ እናት «ያ ኢልማ ኮ!» (ልጄ ወይ!) ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። የባሰው ደግሞ ላርም ብዬ «ፋ»ን ማጥበቄ!

ለትምህርት ወደ ሩሲያ የምትሄዱ፦ ድምፅ ጠንከር የማይልበት «ኦ» እንደ ተጻፈ አይነበብም። ወተት ሲጻፍ «ሞሎኮ» ነው፣ ሲነገር ግን «መላኮ»። አንዱ ቃል መጀመሪያው ላይ ሲጠነክር «ዛመክ»፣ የጥንት ግንብ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲጠነክር «ዛሞክ»፣ የበር መቆለፊያ። ስለዚህ ቃሉን ስትይዙ የሚጠነክርበትን ቦታ አብራችሁ ያዙ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፊደላችንን የሰደብኩትን አነሳለሁ። እንግሊዞች የሚንገታገቱበትን የሩሲያ «እ» እኛ ከእናታችን ጋር ስናወራ ኖረናል። «ምሽካ» አይጥ ናት፣ «ሚሽካ» ድብ። «ም»ን ብቻ ዋጥ አታድርጓት፤ «ምሽት» ስትሉ እንደምትሏት ናት።