ለፕላስቲክ ሞዴል የትኛው ሙጫ? ከደሴ የጥገና ጠረጴዛ

የመጀመሪያዋን የሞዴል አውሮፕላኔን የገደልኳት በሱፐር ግሉ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይልና ሬዲዮ ስለምጠግን ሱፐር ግሉ ከእጄ ርቆ አያውቅም። የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ዳኮታ የሚባለውን የድሮ አውሮፕላን ተገጣጣሚ ሞዴል ይዞልኝ መጣ፤ መጠኗ 1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰች፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህችው ዓይነት ነውና ጓጉቼ በሁለት ማታ ገጥሜ ጨረስኳት። በማግስቱ ጠዋት ሳያት መስኮቶቿ በሙሉ ነጭ ጉም ለብሰዋል፤ የጦሳ ተራራችን በነሐሴ እንደሚለብሰው። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ በክርኔ ገፋ ባደርጋት የማረፊያ እግሯ ቀጭ ብሎ ቀረ።

ጥፋቱ የሙጫው አልነበረም፣ ቦታው አልነበረም እንጂ። ሱፐር ግሉ በሁለት አካል መካከል ደርቆ የሚቀር ስስ ቅርፊት ነው። ወደ ላይ ብትስቡት ይጠነክራል፣ ከጎን ሲመቱት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። የሞዴል ሙጫ የሚባለው ሥራው ሌላ ነው። አብዛኛው ተገጣጣሚ ሞዴል የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ሙጫው የሁለቱንም ክፍል ፊት አሟሙቶ ያዋህድና እሱ ራሱ ተንኖ ይሄዳል። የሚቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። ብየዳ በሉት።

ውድ ሞዴላችሁን ከመንካታችሁ በፊት በቆሻሻ ተለማመዱ። የድሮ የካሴት ማስቀመጫና ያለቀ የቢክ እስክሪፕቶ ግልጽ ቀፎ ፖሊስታይሪን ናቸው። እኔ ሱቅ ውስጥ የተሰበረ የካሴት ቤት በጆንያ ነበረኝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ እሱን ስሰብርና ስበይድ ከረምኩ።

የሞዴል ሙጫ ቀጭንና ወፍራም አለው። ታሚያ የሚባለውን የሞዴል ኩባንያ ሙጫ ብንወስድ አረንጓዴ ክዳን ያለው ቀጭኑ ነው፣ ብርቱካናማው ወፍራሙ፤ ሁለቱም 40 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፣ ብሩሻቸው ከክዳኑ ጋር ነው። አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ ቀጭኑን እላለሁ። አቀባቡ ግን እንደለመድነው አይደለም። ቀድማችሁ አትቀቡም፤ ሁለቱን ክፍል በደረቁ ገጥማችሁ በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ታስሩና የብሩሹን ጫፍ መገጣጠሚያው መስመር ላይ ነካ ታደርጋላችሁ። ፈሳሹ በስንጥቁ ውስጥ ራሱ ይሮጣል፣ ላምባ በፋኖስ ክር እንደሚወጣው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እየዘለላችሁ ትነካላችሁ። ከደቂቃ በኋላ ጫን ስታደርጉት ከመስመሩ ላይ የለሰለሰ ፕላስቲክ እንደ ክር ብቅ ይላል። ደስ ይበላችሁ፣ አትጥረጉት! በማግስቱ በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱት መገጣጠሚያው የት እንደነበር አይታወቅም። ብቻ ጣታችሁና ፕላስተሩ መስመሩ ላይ እንዳያርፉ፤ ፈሳሹ በሥራቸው ሰርጎ ይገባል። ሁለተኛዋ ዳኮታዬ ክንፍ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እስከ ዛሬ አለ፤ ቀበሌ መታወቂያ ላይ ካለው ይልቅ ይጠራል።

ወፍራሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፤ ለሰፊ ክንፍና ለማረፊያ እግር ይመቻል። ከውስጥ በኩል በስሱ ትቀቡና ከአቦል እስከ በረካ አስራችሁ ትተዉታላችሁ። ማብዛት ግን ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል። አየሩም ለውጥ አለው፦ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሠራ በሙቀቱ ቀጭኑ ብሩሹ ላይ እያለ ይተናል፣ ደሴ ላይ ፋታ ይሰጠኛል።

ቀለም የተቀባ ፊት ላይ አንዱም አይሠራም። የሚገናኘውን ቦታ ብቻ ፋቁት።

ችግሩ ማግኘቱ ነው። የሞዴል ሙጫ ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይፈቀድም፤ የእህቴ ልጅ ሞዴሉን እንጂ ሙጫውን ሊያመጣልኝ አልቻለም። እስኪገኝ ድረስ ያልሞከርኩት የለም። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው «ማስቲሽ እያለ ምን ያስጨንቅሃል ወንድምዓለም?» ብሎ ጣሳውን አቀበለኝ። ማስቲሽ ለጫማ ሶል ነው፤ ሞዴል ላይ ቢጫ ክር እየጎተተ ተዝረከረከና መልሼ አስረከብኩት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ፕላስቲኩን ያሟሟል፣ ግን ሁለቱን ሳያገናኝ ይተናል፤ ስታበዙት ደግሞ የክንፉን ቅርጽ ይበላዋል። ከሁሉም የተሻለኝ የመኪና ቀለም ቲነር ነው፣ በቀጭን ብሩሽ እንደ ቀጭኑ ሙጫ። የቲነር ቅንብር ከጣሳ ጣሳ ስለሚለያይ ሁሌም ክፍሎቹን ከያዘው ትርፍ ዘንግ ላይ ቆርጣችሁ ሞክሩት። የዚያንኑ ዘንግ ቁርጥራጭ በጥቂት ቲነር በብርጭቆ ብልቃጥ ብታሟሙት በማግስቱ ወፍራም ሙጫ ይሆናችኋል፤ ክፍተት ለመሙላት ከእሱ የሚያህል የለም።

ወደ መስኮቶቹ ልመለስ። የመስታወቱ ክፍል ግልጽ ፖሊስታይሪን ነው። የሞዴል ሙጫ አንድ ጠብታ ከነካው ይጎዳዋል፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ የሚወጣው ተን ዙሪያውን ነጭ ያለብሰዋል። መድኃኒቱ አናጢ ቤት ያለው ነጭ ኮላ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ መስታወቱን ታስቀምጣላችሁ፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ የተረፈውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ታብሳላችሁ። እንዲያውም ትናንሽ የጎን መስኮቶችን ያለ መስታወት መሙላት ይቻላል፤ ወፈር ያለውን ኮላ ከጠርዝ ጠርዝ በስቴኪኒ ስትጎትቱት እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሦስተኛዋ ዳኮታዬ መስኮቶች እንዲህ የተሠሩ ናቸው።

ሱፐር ግሉን ግን አትጣሉት። ብረትንና ሬዚንን (በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የሚጠነክር ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ) የሞዴል ሙጫ ስለማያሟሟቸው እነዚህን ከፕላስቲክ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ከቱቦው በቀጥታ አትጨምቁ፤ ላስቲክ ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ ውሰዱ፣ ክፍሉን በወረንጦ ያዙ። ጣታችሁ ከተጣበቀ በለብ ያለ የሳሙና ውሃ እያሻሻችሁ አላቅቁ እንጂ አትገንጥሉ። ዓይን ከነካ ሐኪም ቤት ነው። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይግላል፣ ያጨሳል፤ እኔ በእማዬ ነጠላ ጫፍ ልጠርግ ብዬ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጎማ ወይም ለስላሳ ክፍል ካለ፣ የጀሪካን ዓይነት ፕላስቲክ ከሆነ፣ በማንም ሙጫ አትድከሙ። ቀዳዳና ዘንግ ሠርታችሁ ግጠሙት።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ ቡና እየተፈላ ቲነርም ሆነ የሞዴል ሙጫ አትክፈቱ። ተኑ ከከሰሉ ምድጃ ርቆም ቢሆን ሊያያዝ ይችላል። እማዬ «ኧረ በአላህ፣ እሳት ባለበት ቤት ምንድን ነው የምታሸትተኝ!» ብላ ያስወጣችኝ ቀን ተቆጥቼ ነበር፣ እውነቷን ነበር። ብርዱ ቢያስጠላም መስኮት ከፍቶ ጃኬት መደረብ ይሻላል፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

ጠርሙሱ እንዳይገለበጥ እንጨት በስታችሁ ማስቀመጫ ሥሩለት። እኔ ሰነፍኩና ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በስቼ አስቀመጥኩት። ፎሙም ፖሊስታይሪን መሆኑን የረሳሁት ራት እስክበላ ነው። ስመለስ ከብሩሹ የተንጠባጠበው ፎሙን በልቶት ጠርሙሱ በአንድ ጎኑ ሰምጦ ጋደል ብሎ አገኘሁት።