ተገጣጣሚ ቤት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎጃም ከተሞች የቤት ማኅበር ተሰብስቦ ተገጣጣሚ ቤት ሲነሳ የሚደመጠው አስተያየት አብዛኛው ሌላ አገር ተሞክሮ፣ አክስሮና ተሻሽሎ ያለፈ ነው። ቤትን በፋብሪካ የመሥራት ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ መልኩንም ደጋግሞ ቀይሯል። እኛ ዘንድ ግን ፓነሉ የዘንድሮ፣ ሐሳቡ የድሮ ሆኖ ይገኛል። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሙሉ ቤት ከፋብሪካ ይምጣልን»

መነሻው ሐሳብ ይኸው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሲርስ የተባለው ድርጅት ከ1908 እስከ 1940 ቤት በካታሎግ ሸጧል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሉስትሮን ኢናሜል የተቀባ የብረት ቤት እያመረተ 2500 ያህል ከሠራ በኋላ በ1950 ከሰረ። በ2015 የተቋቋመው ካቴራም ብዙ ገንዘብ ሰብስቦ በ2021 እዚያው ደረሰ። ፋብሪካ የሚያተርፈው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ነው፤ ትእዛዝ ሲቀንስ ደመወዙም ወለዱም አይቆምም።

ስለዚህ የሚያዋጣው የሚደጋገመውን ክፍል ብቻ ማሠራት ነው፦ የሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ቢም፣ ደረጃ፣ በርና መስኮት፣ የጣሪያ ብረት። 24 አባል ያለው ማኅበር 24 ዓይነት ፕላን ከያዘ ተገጣጣሚውን ይተወው፤ ብሎኬት ይሻለዋል። በሁለት ፕላን ከተስማማና የመስኮቱን ልክ ከሦስት ካላበዛ መነጋገር ይቻላል። ኮንክሪት የሚፈስበት የአሉሚኒየም ቅርጽ፣ ካሳፎርማም እንደዚያው ነው፤ እየተነቀለ ብዙ ጊዜ ካላገለገለ ዋጋውን አይመልስም።

«ግድግዳው ከረከሰ ቤቱ ረከሰ»

የመሠረት፣ የጣሪያ፣ የውሃ፣ የመብራትና የፊኒሺንግ ወጪ እንዳለ ነው። ዋጋ ሲቀርብላችሁ ማጓጓዣው፣ ክሬኑና የመገጣጠሚያ ሥራው ገብቶበት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

«መገጣጠሚያው በኋላ ይደፈናል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በግንቦት 1968 ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንፃ 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈንድቶ የውጩን ግድግዳ ገፋው። ግድግዳውና ሶሌታው በቅጡ ስላልተሳሰሩ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ተናደ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የመሐንዲሶች ዋና ጥያቄ ከፓነሉ ጥንካሬ ወደ ማሰሪያው ዞረ።

ተገጣጣሚ ሶሌታ በኮንክሪት ቢም ላይ ቢያንስ 7.5፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ 10 ሴንቲሜትር መደገፍ አለበት። ቢሙ 2 ሴንቲሜትር ከመስመሩ ከሸሸ 7.5 የነበረው ድጋፍ 5.5 ይሆናል፤ ልስኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሶሌታው ከመነሳቱ በፊት ቱንቢና ሜትር ይያዝ። ከፓነሉ ጫፍ የወጣው ፌሮ «ያስቸግራል» ተብሎ ከተቆረጠ፣ የሚፈስበት ኮንክሪት ክፍተት ይሞላል እንጂ አያስርም። ክፍተቱ አቧራው ተጠርጎ ይርጠብ፤ ጠጠሩም ከ1 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ትልቅ ጠጠር አፉ ላይ ተወትፎ ውስጡን ባዶ ያስቀረዋል።

በሳንድዊች ፓነል (በሁለት ቆርቆሮ መካከል ፎም ባለው ግድግዳ) ቤት ደግሞ ጠላቱ ክረምቱ ነው። 6 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ያጥራል። በበጋ የተሞላ ርካሽ ሲሊኮን ሐምሌ ሳይገባ ተሰንጥቆ ይጠብቃችኋል። ውሃን የሚመልሰው ተደራርቦ የተሠራ የቆርቆሮ ክዳን ይሁን፤ ሲሊኮኑ ከዚያ ኋላ ይመጣል።

«ቤቱ ቀላል ነው፣ መሠረት አይፈልግም»

ባለ 5 ሴንቲሜትር ሳንድዊች ፓነል በካሬ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 20 ሴንቲሜትር የብሎኬት ግድግዳ ከ200 ኪሎ በላይ። ከዚህ ተነስቶ መሠረቱን ማቅለል በዋልካ አፈር ላይ ጉዳት አለው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከባድ ቤት እብጠቱን በመጠኑ ይጫነዋል፤ ቀላሉን ቤት ግን እንደ ሞሰብ ክዳን ያነሳዋል። በር አልዘጋ ይላል፣ ብሎን ይላቀቃል።

ዋልካው መሐንዲሱ እስከሚያዘው ጥልቀት ይውጣ፤ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲሜትር ድርብ እየተረጨ፣ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ዙሪያው 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ይኑረው፤ የጣሪያው ውሃም ከመሠረቱ ይራቅ። መልሕቅ ብሎኖች ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በብረት አብነት ይያዙ፤ በዓይን ግምት የተተከለ ብሎን የፓነሉን ቀዳዳ አያገኝም።

«መኪና ያደርሰዋል»

3 ሜትር በ2.8፣ ውፍረቱ 14 ሴንቲሜትር የሆነ የኮንክሪት ፓነል 2.9 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ተጋድሞ የተጫነ ፓነል ይሰነጠቃል። በብረት መደገፊያ ላይ ቆሞና ታስሮ ይጫን። ቦታው ላይ ክሬን ከሌለ ደግሞ ማራገፉ ራሱ ሌላ ፕሮጀክት ነው።

በኮንዶሚኒየም ግንባታ የተለመደው የተገጣጣሚ ቢምና የባዶ ብሎኬት ሶሌታ ለእኛ አካባቢ የሚመቸው ለዚህ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 12 በ8 ሴንቲሜትር የሆነ ቢም ከ100 ኪሎ አይበልጥም፤ አራት ሰው ይሸከመዋል። ቢሞቹ ግን ከሥራቸው በድጋፍ እንጨት ካልተያዙ ኮንክሪት ሲፈስ ይጎብጣሉ። ድጋፉን የላይኛው ኮንክሪት ሳይጠነክር ማንሳት ከጥድፊያ ሁሉ የባሰ ጥድፊያ ነው።

«ከቆመ በኋላ እንቀይረዋለን»

በብሎኬት ቤት ግድግዳ አፍርሶ በር መክፈት የለመደ ባለቤት እዚህም ያንኑ ያስባል። በአሉሚኒየም ካሳፎርማ በፈሰሰ ቤትም ሆነ በኮንክሪት ፓነል ቤት ግድግዳው ራሱ ተሸካሚ ነው፤ መቁረጥ ኮለን ከመቁረጥ አይለይም። የመብራት ቱቦ፣ የውሃ ቀዳዳና የሶኬት ቦታ ፓነሉ ከመፍሰሱ በፊት በስዕል ላይ ይፈረም። ከፊርማው በኋላ የሚመጣ ለውጥ ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ይግባ። በመጨረሻም ቤቱ እንደተሠራ የሚያሳየው ስዕል ከቁልፉ ጋር ለእያንዳንዱ አባል ይሰጥ፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ቧንቧ ሠራተኛ የት እንደሚበሳ የሚያውቀው ከእሱ ነው።