ጀማሪ አርታኢን የሚያባርሩ የነባሮች ስህተቶች

ስለ ጀማሪዎች ስህተት ብዙ ተብሏል። ምንጭ አይጠቅሱም፣ ከሌላ ድረ ገጽ ይገለብጣሉ፣ ስለ ራሳቸው ይጽፋሉ። ዊኪፔዲያ ላይ ስሠራ ደሜን የሚያፈላው ግን የጀማሪው ጥፋት ሳይሆን «እናስተምራለን» የሚሉት ነባሮች የሚያደርጉት ነው።

ከሁሉም የከፋው ሳይናገሩ መቀልበስ፣ ማለትም ሌላው የሠራውን ለውጥ አጥፍቶ ገጹን ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። አንድ ሰው የአባቱን የሕይወት ታሪክ የያዘ ገጽ ያገኛል፤ የትውልድ ዓመቱ ተሳስቷል። ያስተካክለዋል። ጥቂት ቆይቶ ሲያይ የቀድሞው ቁጥር ተመልሷል። ሥራው ያልተመዘገበለት ስለሚመስለው እንደገና ያስተካክላል። አሁንም ይቀለበሳል። አርታኢ የለውጡን ምክንያት ባጭሩ በሚጽፍበት የማጠቃለያ ሳጥን ውስጥ «ምንጭ የለውም» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰውየው ግን መለያ አልከፈተም፣ ለውጦች ሁሉ የሚመዘገቡበትን የገጹን ታሪክ ማየትም አያውቅም፤ ስለዚህ አላነበበውም። በሦስተኛው «እኔ ልጁ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?» ብሎ እዚያው ጽሑፉ መሐል ይከትበዋል። ይህ ደግሞ ገጽ እንደማበላሸት ይቆጠርበታል። መላልሶ ሲሞክር ይታገዳል፤ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድን ገጽ ከ3 ጊዜ በላይ መቀልበስ ያሳግዳልና።

እንዲህ ያለ የገጽ ታሪክ ስንቱን አነበብኩ! ሰውየው እውነቱን ነው፤ የቀለበሰውም ደንብ ማስከበሩ ነው። የጎደለው ይህን ያህል ብቻ ነበር፦ «እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። አንባቢው ግን እርስዎን አግኝቶ መጠየቅ ስለማይችል የታተመ ምንጭ ያስፈልገናል። ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ላይ የወጣ ነገር ካለ በውይይት ገጹ ላይ ይጻፉልኝ፤ አብረን እናስገባዋለን።»

«ጊዜ የለንም» ይሉኛል። ጊዜ የለም የሚለው ሰው ዝግጁ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል፤ በውስጡ የመመሪያ ማገናኛዎች ተደርድረዋል፣ መጨረሻው ዛቻ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ንቁ አርታኢዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጫፍ ደርሶ ማሽቆልቆል ሲጀምር፣ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች በምክንያትነት ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፦ በቅን ልብ የመጣ ጀማሪ ሥራው ወዲያውኑ ሲጣልበት፣ በተለይም በአውቶማቲክ መሣሪያ ሲሆን፣ ተመልሶ አይመጣም። «ጀማሪዎችን አትንከሱ» የሚል መመሪያ አለ። ሌላውን መመሪያ ሁሉ በቃላቸው የሚወጡት ነባሮች ይህን አንዱን ሲያነቡ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስህተት በመጀመሪያው ቀን አዲስ ገጽ ማስጻፍ ነው። የሥልጠና አዘጋጆች ይህን ይወዱታል፤ ለሪፖርት የሚመች ቁጥር ያወጣል። ሠልጣኙ ግን ሳምንት ሳይሞላ ገጹ ተሰርዞ ያገኘዋል። አዲስ ገጽ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ርዕሱ ለብቻው ገጽ ይገባዋል? ከባለጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች በሰፊው ጽፈውበታል? ጀማሪ ይህን ከየት ያመጣዋል? በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ መለያ 4 ቀንና 10 እርማት ሳይሞላው ጽሑፎቹ በሚወጡበት ዋና ክፍል ገጽ መፍጠር የማይችለው በከንቱ አይደለም። ይልቅ ምንጭ የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡትና ምንጭ ይፈልግለት። ምን ዓይነት ምንጭ እንደሚታመን፣ ማጠቃለያ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የቀድሞው ቅጂ ሁሉ በገጹ ታሪክ ውስጥ እንደሚቀመጥ በዚያች አንድ ሥራ ያያል።

«ገለልተኛ ሁን» ብሎ ማለፍም ትምህርት አይደለም። ጀማሪው «ዝነኛዋና ተወዳጇ ድምፃዊት» ብሎ ጽፏል እንበል። ቃሉን ሰርዛችሁበት ከምትሄዱ «ዝነኛ መሆኗን በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያወጣቻቸውን አልበሞች፣ ያገኘችውን ሽልማት ይዘረዝርላችኋል። እሱን ከነምንጩ ጻፈው በሉት። «ዝነኛዋ» የሚለውን ያኔ ራሱ ያወጣዋል።

የቅጂ መብትን ለመጨረሻ አታቆዩት። ብዙ ጀማሪ ምንጩን ከጠቀሰ መገልበጥ የተፈቀደለት ይመስለዋል፤ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ለጥፎ ከታች ማገናኛ ያስቀምጥና ሲሰረዝበት በቅንነት ይገረማል። ከሌላ ቋንቋ ዊኪፔዲያ መተርጎም ግን ይቻላል። ፈቃዱ የጸሐፊዎቹን ድርሻ መጥቀስ ስለሚያስገድድ ከየትኛው ገጽ እንደተተረጎመ ማጠቃለያው ላይ ይስፈር።

የአንዱን ቋንቋ ዊኪፔዲያ ደንብ ለሌላው እንደ ሕግ አትጥቀሱ፤ ከላይ ያነሳኋቸው ገደቦች የእንግሊዝኛው ናቸው፣ የየቋንቋው ማኅበረሰብ የራሱን ይወስናል። ስታሠለጥኑም ኪቦርዱን ከጀማሪው እጅ አትቀሙ።

በመጨረሻ፣ ስለሚሠራበት ድርጅት የሚጽፈውን ሁሉ አጭበርባሪ ማለት ተለምዷል። ብዙዎቹ አለቃቸው አዝዟቸው የመጡ፣ ደንቡን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ይህንኑ እንዲያሳውቅ የአጠቃቀም ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያስገድዳል። ንገሩት፤ ማን እንደሚከፍለው በአባል ገጹ ላይ ይጻፍ፣ የሚፈልገውንም ለውጥ በውይይት ገጹ ያቅርብና ሌላ ሰው መርምሮ ያስገባለት። ከተነገረው በኋላ ከደበቀ ያኔ መጋቢ፣ ማለትም የማገድ ሥልጣን ያለው አርታኢ፣ ጥሩ።