ራቬናን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣሊያን የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን አይቶ ይመለሳል። ለእኔ የመጀመሪያው ስህተት ራቬናን መዝለል ነው። የ5ኛውና የ6ኛው ክፍለ ዘመን ስምንት ሕንፃዎቿ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከውጭ አይቶ ማለፍ። ቅዳሴ ቤቱ በ547 የተከበረው የሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ሲያዩት ጌጥ የሌለው፣ ባለ ስምንት ማዕዘን የጡብ ሕንፃ ነው። ግርማው ሁሉ ውስጥ ነው። በመቅደሱ ግራና ቀኝ የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዮስቲንያኖስና ንግሥቲቱ ቴዎዶራ ከነአጃቢዎቻቸው በሞዛይክ፣ ማለትም በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች በተሠራ ሥዕል፣ ቆመዋል። ይህ ንጉሥ ወደ አክሱም፣ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከው ነው፤ ፊቱን እዚያ ሳየው ልቤ የተነካው ለዚህ ነው።

አንድ ቦታ ቆሞ ፎቶ አንስቶ መውጣት። የሞዛይኩ ጠጠሮች ዘንበል እያሉ ስለተተከሉ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ወርቁ ሌላ ብርሃን ይሰጣል። ቀስ ብለው ይዙሩ።

ዓምዶቹን አለማየት። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሳንት አፖሊናሬ ኑኦቮ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ነው። እምነቱ አርዮሳዊ ነበር፤ 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ያወገዙት ትምህርት ማለት ነው። ቢዛንታይኖች በ540 ከተማዋን ከያዙ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ባለው የቴዎዶሪክ ቤተ መንግሥት የሞዛይክ ሥዕል ላይ የነበሩት ሰዎች ተፍቀው በቦታቸው መጋረጃ ተተካ። የረሷቸው እጆች ግን አሉ። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ዓምዶች ልብ ብለው ቢያዩ፣ ባለቤት የሌላቸው እጆችና ጣቶች ነጩ ዓምድ ላይ ቀርተዋል። የሃይማኖት ክርክር እንዲህ በግድግዳ ላይ ሲነበብ ሌላ ቦታ አላየሁም።

የሮማዊቷን ንግሥት የጋላ ፕላቺዲያን መካነ መቃብር በችኮላ ማየት። መስኮቶቹ የአልባስጥሮስ ድንጋይ ናቸው፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ ይጠብቁ። ስሙ የእሷ ይሁን እንጂ ያረፈችው በ450 ሮም ውስጥ ነው።

የመጨረሻው፣ ክላሴን መተው። እዚያ ያለው የሳንት አፖሊናሬ ኢን ክላሴ ቤተ ክርስቲያን ከመሃል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ክላሴ በሮማውያን ዘመን የባሕር ኃይል ወደብ ነበር፤ ዛሬ ባሕሩ ሸሽቷል። ክቡ የደወል ማማ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተሠራ አይምሰልዎ፤ በኋላ ነው የተጨመረው። ውስጥ ግን፣ በሞዛይኩ አረንጓዴ መስክ መካከል፣ ቅዱስ አፖሊናሪስ እጆቹን ለጸሎት ዘርግቶ፣ 12 በጎች በግራና በቀኝ ወደ እሱ ይመጣሉ።