ሮቦቱ እናቴን ሲያግዛት፣ እኔ ማገዝ ስተው

እማዬን ስትሮክ ከመታት በኋላ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ክንዷን ሮቦት ላይ አስረው ያሠሯት ጀመር። ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይበራል፤ እጀታውን ወደ ነጥቡ ትገፋለች። ካቃታት ማሽኑ ያደርሳታል። እኔ በደስታ ላብድ! አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ እገዛውን ሲቀንሰው ግን እጇ ባለበት ቆመ።

«እሱ እየገፋልኝ ምን አደከመኝ?» አለችኝ።

ስንፍና አይደለም። ሰውነት የሚያግዘው ካገኘ ጉልበቱን ይቆጥባል። ለዚህ ነው ጥሩ ሮቦት የጎደለውን ብቻ የሚሞላው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ከማሽኑ የባስኩ ነበርኩ። ማንኪያውን ሳይቀር እነጥቃት ነበር።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። የፕላስቲክ ኩባያ ፊቷ አስቀምጡ። (በሲኒ ጀምሬ ሁለት ሰብሬያለሁ።) «ረከቦቱ ላይ መልሺው» በሏት። እጃችሁን ከክርኗ ሥር አዘጋጁ፣ ግን አትንኳት። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። አምስቷ ሰከንድ ትረዝማለች፤ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምጠብቀው። ካልሆነላት የክንዷን ክብደት ብቻ ያዙላት፣ መንገዱን እሷ ትምራ። እጇን ይዛችሁ እንዳትጎትቱ! ከስትሮክ በኋላ ትከሻ በቀላሉ ይጎዳል። ካመማት አቁሙና ለባለሙያው ንገሩ።

ስትስት ቶሎ አታርሟት። «የት ሳትሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ራሷ ትድረስበት።

ኩባያውንም አንድ ቦታ አትትከሉት። አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ራቅ፣ አንዴ በማንኪያ ለውጡት። ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በጤነኛ ሰዎች ላይ እንዳዩት፣ ተቀላቅሎ የተሠራ ልምምድ በዕለቱ ያደናቅፋል፤ ቆይቶ ሲፈተን ግን ይበልጣል። እማዬም በዕለቱ ትበሳጫለች።

ሮቦት የለንም ብላችሁ አትዘኑ። ብሪታኒያ ውስጥ 770 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አለ። ኤም አይ ቲ ማኑስ በተባለው ሮቦት የሠለጠኑት ሰዎች የክንድ አጠቃቀም የተለመደውን ሕክምና ካገኙት አልበለጠም። የማሽኑ ጥቅም ሳይሰለች መደጋገሙ ነው። እኔ እሰለቻለሁ። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ጊዜ ብለን ተስማምተናል፤ ቆጣሪዋ እሷ ናት፣ አንዳንዴ ታጭበረብረኛለች።

ኩባያው አሁን ረከቦቱ ላይ ይደርሳል። ቡናውን ግን እስካሁን የምቀዳው እኔ ነኝ። ለእሱ ጀበናው ውስጥ ሩብ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረን፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፈን ጀምረናል።