ተረትና ምሳሌውን ከመተርጎም በፊት አሳዩት

ለልጅ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላችሁ «መተባበር ጥሩ ነው ማለት ነው» ብትሉት እሺ ይላል። ሐሳቡ ግን አንበሳው ላይ ነው። ትርጉሙን አትንገሩት። ከአያት እንዝርት አንድ ፈትል ስጡትና ይበጥስ። ቀጥሎ ሃያውን አንድ ላይ ገምዳችሁ ስጡት። ፊቱ እስኪቀላ ይጎትታል፤ በጥርሱም ይሞክራል፣ ይሄ አይቀርም። ተረቱን ያኔ ጣል አድርጉለትና «ሌላ የት አይተሃል?» በሉት። ደቦን ወይም ወንፈልን ራሱ ካመጣ ገብቶታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»ም ያው ነው፤ ዶሮዋ ስትታቀፍ 21 ቀን አብራችሁ ቁጠሩ። ባሕር ዳር ላላችሁማ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ቀላል ነው። ውሃ በጠፋ ቀን ባዶ ጀሪካን አስይዛችሁ ድልድዩ ድረስ ውሰዱት።

የሚሠራው ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ቃሉን እንዳለ ስለሚወስድ ነው። የሚጨበጠውን ካየ ወደማይጨበጠው ራሱ ይሻገራል።

ሲያጠፋ ግን አትተርቱበት፤ ስድብ ይመስለዋል። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ»ን ደግሞ ለጊዜው ተዉት። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ፊቷ ላይ ይለዋል።